ባቡር ያልደረሰበት የቡና አገር

አንባቢ ሆይ፤ ከጅማ ተነሥተው ዛሬ ሚዛን አማን ወደምትባለው ወደ ሚዛን ተፈሪ ቢጓዙ፥ ቦንጋ ሳይደርሱ መንገዱ ወደ ቆላ ይወርድና ከጎጀብ ወንዝ ያገናኝዎታል። ብዙው መንገደኛ በድልድዩ ላይ የሚያልፈው እያንቀላፋ ነው። እርስዎ ግን ወርደው በእግርዎ ቢሻገሩት ይሻላል፤ የከፋና የቤንች ቡና ወደ ገበያ ከሚወጣባቸው ዋና ዋና በሮች አንዱ ይህ ነውና።

ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ወንዙ ሲሞላ ነጋዴው ውኃው እስኪጎድል ዳር ላይ ይሰፍራል። በቅሎ የምትሸከመው ጥቂት ፈረሱላ ነው፤ ፈረሱላውም 17 ኪሎ ብቻ። የበቅሎዋ ቀለብ፥ የሰዎቹ ስንቅና የየኬላው ቀረጥ የሚወጣው ከዚያችው ጭነት ላይ ነበር። ለገበሬው ምን ይተርፈዋል? ጎጀብን የተሻገረውንም ገና ግቤ ይጠብቀዋል። ሁለቱም ወንዞች ወርደው ኦሞ ውስጥ ስለሚገናኙ፥ ነጋዴው አንዱን ውኃ ሁለት ጊዜ ተሻገረ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነበር፤ ቡናው በፉርጎ ተጭኖ አዋሽን በብረት ድልድይ ተሻግሮ ወደብ ይደርሳል። ጭንቁ እስከ አዲስ አበባ ያለው ነው።

በምዕራብ በኩልም ሌላ ተስፋ ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፥ ባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲከፈት፥ ደግሞም ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ ምድር እንዲያልፍ ፈቅደው ነበር። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተከፈተ፤ ውኃው በሚሞላበት ወራትም መርከብ ከካርቱም ይመጣ ጀመር። ሐዲዱ ግን በወረቀት ቀረ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የውሉ ዘመን አበቃ። በኋላም የአየር መንገዳችን ዳኮታዎች ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ሜዳ ላይ እያረፉ ሰውና ዕቃ ሲያመላልሱ፥ ወንዙን ከላይ አይተው ያልፉት ነበር።

ሁለተኛው ወረቀት የቅርብ ጊዜ ነው። በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ከአዲስ አበባ በጅማና በሚዛን ጎረቤት በጉራ ፈርዳ በኩል እስከ ዲማ የሚዘልቅ መሥመር በዕቅዱ አስፍሯል። የጅቡቲው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፥ ይህኛው ገና ካርታ ላይ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነው።

ስለዚህ ቡናው አሁንም በጎማ ይጓዛል። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ከሄዱ፥ ጆንያ የተጫኑ ካሚዮኖች ድልድዩን ተሻግረው የጅማን ዳገት እያቃሰቱ ሲወጡ ያያሉ። መንገድ ይልቀቁላቸው።