የእናቶቻችን ምድጃና የኛ ሶደቃ



ስለ ኢስራፍ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የውዱእ ውሃ ነው፤ ቀጥሎ ሲበራ ያደረ አምፖል። ዛሬ ግን ወደ ማድ ቤት ጎራ እንበል።

እስቲ እናስላው። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ኃይል፣ አንድ ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ለ350 ሰዓት ያበራል። በየምሽቱ 6 ሰዓት ቢበራ ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። አምፖል ማጥፋት ጥሩ ነው፤ ትልቁ ሒሳብ ግን ምጣዱ ላይ ነው።

በ2001 ዓ.ም. አካባቢ መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ፣ የድሮው አምፖል እየተመለሰ ቆጣቢው በነጻ ይሰጥ እንደነበር ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። በሚሊዮን የሚቆጠር አምፖል ተቀይሯል። ሥራው ቀላል ነበር፤ አንዱን ፈትቶ ሌላውን ማስገባት ብቻ። ምድጃ ግን እንዲህ አይደለም።

ምርጥ ምድጃ የሚባለው ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ፣ ክፍሎቹ ተገጣጥመው ምጣዱን ዙሪያውን የሚከቡት ነው። ሙቀቱ ወደ ጎን እንዳይበተን ስለሚያግድ፣ በሦስት ጉልቻ ከመጋገር ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ላቀች የከሰል ምድጃም በዚያው መንገድ ነው የሚሠራው፤ በቆርቆሮው ውስጥ ያለው ሸክላ ሙቀቱን ይይዛል።

ባለፈው ዓመት ረመዳን ከመግባቱ በፊት ከመስጂዳችን ወጣቶች ጋር አስቤዛ ለማድረስ ስንዞር፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ቤት ገባን። ከወረዳ የተሰጣቸው ምርጥ ምድጃ አላቸው። ወለሉ ጎርባጣ ስለሆነ ግን ክፍሎቹ አልገጠሙም፤ በየክፍተቱ ነበልባል ይወጣል። "ልጆቼ፣ እንጨቱ እንደ ድሮው ነው የሚያልቀው" አሉን። ከመካከላችን አንዱ ግንበኛ ነው። በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ተመልሰን ወለሉን አስተካከልን፣ ክፍሎቹን ገጠምን፣ ክፍተቱን በጭቃ መረግን። መግሪብ ሳይደርስ ጨረስን። በኋላ ስንጠይቃቸው፣ ሁለት ቀን ይበቃቸው የነበረው እስር እንጨት ሦስት ቀን እንደሚያደርሳቸው ነገሩን። ያደረስንላቸው ዱቄትና ዘይት በወሩ አልቋል። ምድጃው ግን ዛሬም እየቆጠበላቸው ነው።

ለማለት የፈለግነው ይኼን ነው። ወረዳ ምድጃ ሊያድል ይችላል፤ ምድጃው ገጥሞ መሥራቱን ዞሮ የሚያየው ግን ጎረቤት ነው። ይህ ደግሞ የኛ የወጣቶቹ ድርሻ ነው።

ጉዳዩ በኤሌክትሪክ ለሚጋግሩትም ቀላል አይደለም። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል፤ ብዙ የተጠቀመም የሚከፍለው በከፍተኛው ዋጋ ነው። በአንድ ቆጣሪ አምስትና ስድስት ሆነው የሚኖሩ ተከራዮች ፍጆታቸው አንድ ላይ ስለሚደመር ይህ ይበልጥ ይጎዳቸዋል።

ያለ ምንም ወጪ የሚደረግ ነገር አለ። ምጣዱ እስኪግል ብዙ ኃይል ስለሚፈጅ፣ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ተከታትለው ቢጋግሩ ሁለተኛዋ ከዚያ ትድናለች። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ የመጨረሻዋን እንጀራ ምጣዱን አጥፍቶ ማብሰል ይቻላል። ትንሽ አቅም ካለ ደግሞ ባዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ላለው ቤት ኮርኒስ መሥራት የሌሊቱን ብርድና የቀኑን ሙቀት ይቀንሳል።

ውድ ወጣቶች! በየሰፈራችሁ የሶደቃ ጀማዓ አላችሁ። ከዱቄቱና ከዘይቱ ዝርዝር በታች አንድ መስመር ጨምሩ፤ "ምድጃ" ብላችሁ ጻፉ። ግንበኛ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ አናጺ ከመካከላችሁ አይጠፋም። የምድጃው ጥቅም በየቀኑ የሚቀጥል ነው፤ አጅሩንም አላህ እንዲያስቀጥልልን እንለምነዋለን።

አላህ ለመልካም ሥራ ይወፍቀን፤ የእናቶቻችንንም ድካም ያቅልልን። አሚን።