ውጫሌ ላይ ወራጅ አለ?

ስለ ውጫሌ ውል ብንጠየቅ ሁላችንም በልጅነት የሸመደድነውን እንዘረግፋለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ምኒልክ፣ አንቶኔሊ፣ አንቀጽ 17፤ ከዚያ በቀጥታ ዓድዋ! ውጫሌ የት ናት ቢባል ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲኬድ ሐይቅን አልፎ የምትገኝ የአምባሰል ከተማ ናት። ረዳቱ "ውጫሌ፣ ወራጅ አለ?" ብሎ ይጮሃል፤ ሁለት ሦስት ሰው ማዳበሪያውንና ፌስታሉን ሰብስቦ ይወርዳል፤ መኪናው ወደ መርሳ ይቀጥላል። ውሉ የተፈረመውም መሀል ከተማዋ ላይ አይደለም፤ ወጣ ብሎ ይስማ ንጉሥ የሚባል ቦታ ነው።

ለምን እዚያ? ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ገና ሁለት ወር አልሞላም። ምኒልክ ዘውድ አልጫኑም፤ እንጦጦ ማርያም የተቀቡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ነው። ከሸዋ ወጥተው፣ የሰሜኑን መኳንንት ለማስገባት ወሎ ላይ ሰፍረው ነበር። ያኔ ቤተ መንግሥቱ ድንኳን ነው፤ ድንኳኑ የተተከለበት አገር ስሙ ለውሉ ተረፈ። ምኒልክ መሣሪያና ዕውቅና ይፈልጋሉ፣ የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ፊርማ ይፈልጋል፤ ሁለቱም ቸኩለዋል።

የአንቀጽ 17ን ጣጣ ሁሉም ያውቀዋል፤ አልደግመውም። እኔን የሚቆረቁረኝ አንቀጽ 3 ነው። ወሰኑ ከአራፋሊ ይነሳል፤ ሐላይ፣ ሰገነይቲና አሥመራ ወደ ኢጣሊያ ይሆናሉ ይላል። በቦጎስ በኩል ዓዲ ነፋስና ዓዲ ዮሐንስም እንዲሁ። ከዓዲ ዮሐንስ ወዲያ ያለው በቀጥታ መስመር ተሰመረ። በተከታዩ አንቀጽ ደግሞ የደብረ ቢዘን ገዳም ከነርስቱ ለኢትዮጵያ ይቅር ተባለ፤ ጦር ግን አይቀመጥበትም። እንግዲህ አስቡት፤ አምባሰል ውስጥ፣ ድንኳን ሥር፣ መንደሮች በየስማቸው እየተጠሩ ሲከፋፈሉ ከነዚያ መንደሮች የተጠየቀ አንድ ሽማግሌ አልነበረም።

ይህን የምለው ምኒልክን ለመክሰስ አይደለም፤ ለዚያ ሙግት ፌስቡክ ላይ ነዳጅ አልጎደለንም። ኢጣሊያም ቢሆን የሰመረችውን መስመር ራሷ አላከበረችም፤ አልፋ መረብ ደረሰች። ጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሻረው። አንቀጽ 17 ሞተ። ኤርትራ ግን እዚያው ኢጣሊያ እጅ ቀረች። ለዓድዋ በዓል ስንሰባሰብ ይህችኛዋን ገጽ ገልጠን አናነብም።

አምባሰል ደግሞ በውል ብቻ የሚታወቅ አገር አይደለም። ግሸን ማርያም ያለችው እዚሁ ወረዳ ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱም ስሙ አምባሰል ነው። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት በዚሁ አስፋልት ሲመላለስ ውጫሌ በዜና ሁሉ ትጠራ ነበር። ዜናው ሲያበቃ ስሟም አብሮ ጠፋ።

ይስማ ንጉሥ ላይ ሙዚየም ተሠርቷል። ለላሊበላም ሆነ ለመቀሌ ጉዞ ስትነሱ በወሎ መንገድ ከሆነ፣ ረዳቱ ሲጠይቅ "አለ" በሉና ውረዱ። የታሪክ መምህራን ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ተማሪውን ወደ 17 ከማሻገራችሁ በፊት አንቀጽ 3ን አስነብቡት።