ዓይንና አንደበት፦ ፎቶ አንሺነት በአገር ቤትና በቮስሎሩስ

በፎቶግራፍ ሙያ ሁለት ችሎታዎች ተለያይተው ይታያሉ፤ አንደኛው ብርሃንን፣ ቅርጽንና ቅጽበትን የመለየት የጥበብ ተሰጥኦ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚነሳውን ሰው አግባብቶና ፍርሃቱን አስለቅቆ ፈቃዱን የማግኘት የተግባቦት ችሎታ ነው። በአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች ይህ ሁለተኛው ችሎታ ብዙም ሲወሳ አይሰማም፤ ምክንያቱም ጉርድ ፎቶግራፍ ሊነሳ የመጣው ደንበኛም ሆነ ለቤተሰብ ፎቶ የተሰበሰበው ዘመድ አዝማድ፣ ትልልቆቹ እንደሚቀመጡ፣ ልጆች ከፊት እንደሚሆኑ፣ ባለሙያው አገጭን በጣቱ ነካ አድርጎ ቀና ሲያደርግም ዝም እንደሚባል ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ስለዚህ የአገር ቤቱ ፎቶ አንሺ የተሰጥኦው ፍሬ አድርጎ ከሚቆጥረው ከፊሉ የጋራ አስተዳደግ ያቃለለለት ሥራ ነው። ችሎታው ጎልቶ የሚታየው ባለሙያው እንግዳ ሲሆን ነው፤ ቤተ መንግሥቱን ያገለገለው አርመናዊው የቦያጂያን ቤተሰብ ከካሜራው ዕውቀት ባልተናነሰ የአገሩን የአክብሮት ሥርዓት ማወቅ ነበረበት።

በጆሃንስበርግ አቅራቢያ፣ ከቦክስበርግ ከተማ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ከስተርተንቪል በግዳጅ የተነሱ ጥቁሮች የሰፈሩበት ቮስሎሩስ፣ ኢትዮጵያውያን ሎኬሽን ከሚሏቸው የአፓርታይድ ዘመን የጥቁሮች ሰፈሮች አንዱ ነው። እዚህ ኢትዮጵያዊው ፎቶ አንሺ ያ የጋራ አስተዳደግ የለውም፤ የውጭ ዜጋ በጥርጣሬ በሚታይበት አካባቢ ካሜራውን ከማንሳቱ በፊት በዙሉ ወይም በሶቶ ሰላምታ ማቅረብ፣ ትልቅን ሰው «ባባ» ወይም «ማማ» ብሎ መጥራት፣ ፎቶው ለምን እንደተፈለገና ማን እንደሚያየው ማስረዳት ይኖርበታል።

ዴቪድ ጎልድብላት የዚህ ችሎታ ታላቅ ማስረጃ ነው። ከ1930 እስከ 2018 የኖረው ይህ ደቡብ አፍሪካዊ፣ ሙሉ ጊዜውን ለፎቶግራፍ ከመስጠቱ በፊት በራንድፎንቴይን የአባቱን የልብስ ሱቅ ያስተዳድር ነበር፤ ከአፍሪካነር ደንበኞቹ ጋር በባንኮኒ ላይ የመሠረተው ቅርበትም በ1975 ስለ አፍሪካነሮች ላሳተመው መጽሐፍ መንገድ ከፈተለት። በ1982 የወጣው «ኢን ቦክስበርግ» ደግሞ ከቮስሎሩስ አጠገብ ያለውን የነጮች ከተማ የዕለት ተዕለት ኑሮ ያሳያል።

ዛሬ በሎኬሽን ሱቆች በብረት ፍርግርግ በኩል ዳቦና የስልክ ካርድ የሚሸጡት ኢትዮጵያውያን ጎልድብላት ከባንኮኒ ያገኘውን ትምህርት በየቀኑ እየተማሩ ነው፤ ካሜራቸው ግን ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ለወገን ሰርግና ክርስትና ብቻ መሆኑ ያስቆጫል። የብርሃንና የቅርጽ ዕውቀት የጎደለው ሰው፣ ጎልድብላት በ1989 በጆሃንስበርግ ባቋቋመው ማርኬት ፎቶ ወርክሾፕ ዓይነት ትምህርት ቤት ሊማረው ይችላል፤ የደንበኛውን ስም፣ የቤተሰቡን ሐዘንና ደስታ የሚያውቀው ባለሱቅ ደግሞ ቮስሎሩስን ሌላ እንግዳ በማያገኘው ቅርበት የማንሳት ዕድል በእጁ አለ።