የመጀመሪያዋ ዓሣ

በመስቀል ሰሞን ከባሕር ዳር ወደ ቁሐር ሚካኤል፣ አጎቴ ዘንድ ስንሄድ፣ የስምንት ዓመቱ ልጄ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ በቦርሳው ደብቆ ነበር። እቤት ያለው አኳሪየማችን አምስት ሳምንት ሙሉ ያለ ዓሣ ከርሟል፤ የልጁ ትዕግሥት አልቋል።

የጉማራን ድልድይ ከተሻገርን በኋላ አገሩ ሜዳ ነው። ፎገራን ድሮ የምናውቀው በከብቱ ነበር፤ አሁን ግራ ቀኙ ሩዝ ነው፤ ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ውኃው ሲሸሽ በየቦዩ ትንንሽ ዓሦች ይቀራሉ። ልጄም እዚያ አገኘ፦ ከጣት ያነሰች ቀረሶ።

«እማዬ፣ ይቺን!»

ጠርሙሱን ተቀብዬ ወደ ቦዩ መለስኳት። አኮረፈ። ቀረሶ ስታድግ የእኛ ገንዳ ለመዞሪያ እንኳ አይበቃትም፤ ከሜዳ የመጣ ዓሣም በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል። ደግሞ ሌላ ጊዜ በጠርሙሱ የሚገባው ቀረሶ ላይሆን ይችላል፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከጣና ወደ ወንዞቹ እየወጡ ከሚራቡት የባርበስ ዓሦች ብዙዎቹ ከጣና አካባቢ በቀር በዓለም የትም የሉም።

አጎቴ ግን የገረማቸው ሌላ ነው። «አምስት ሳምንት ባዶ ውኃ? ምን ስትጠብቁ?»

«ጋሼ፣ ዩሪያ ሲበትኑ መሬት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አይደል የሚለውጠው? የእኛም እንደዚያው ነው።» የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ዓሣ ይገድላል። አንዱ ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደቀለለው ናይትሬት ያደርሰዋል። ባክቴሪያዎቹ እስኪራቡ የዓሣ ምግብ ቆንጠር እያደረግን ውኃው ውስጥ ስንጥል ከረምን።

«እንግዲህ ማሳውን አለስልሳችሁ ዘሩ ቀርቷችኋል በይኛ!» ብለው ሳቁ።

በቀጣዩ ቅዳሜ መመርመሪያው አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ አሳየን። ናይትሬቱ ከፍ ብሎ ስለነበር ግማሹን ውኃ ቀየርን፤ አዲሱን የቧንቧ ውኃ አስቀድመን በክሎሪን ማርከሻ አከምነው። የማጣሪያውን ስፖንጅ ከገንዳው በቀዳነው ውኃ ብቻ አለቀለቅነው፤ ቧንቧ ሥር ቢታጠብ የአምስት ሳምንት ልፋታችን አብሮ ይሄድ ነበር። ሙቀቱን 25 ዲግሪ ላይ አደረግንና አምስት ጉፒ ገዛን። ልጄ የፈለገው ሃያ ነበር፤ አዲስ ገንዳ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ አይችልም።

ከነላስቲካቸው 20 ደቂቃ አንሳፈፍናቸው፤ የገንዳውን ውኃ በትንሽ በትንሹ ጨመርንላቸው፤ ከዚያ በመረብ አውጥተን ለቀቅናቸው። የሱቁን ውኃ ደፋነው። መብራቱን አጠፋን፤ የዚያን ቀን ምግብም አልሰጠናቸውም።

አምስቱም ከድንጋዩ ጀርባ ተደበቁ። ልጄ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ስም ሲያወጣላቸው አመሸ። የመጀመሪያዋ ቀረሶ ተባለች።