ኒሻኑ ሲመጣ ጅቡ ሄዷል

ብሪታንያ በዓመት ሁለት ጊዜ የክብር ስም ዝርዝር ታወጣለች። አንዱ በፈረንጆች አዲስ ዓመት፣ ሌላው በንጉሡ ልደት። ከአርቲስቱና ከስፖርተኛው ጎን የቴክኖሎጂ ሰዎችም ይጠራሉ። ኩባንያ የመሠረቱ፣ ማሽን የፈጠሩ፣ ሶፍትዌር ጽፈው የሸጡ። "ሰር" እና "ዴም" ይባላሉ፣ ቤተ መንግሥት ገብተው ኒሻን ያጠልቃሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ጥሩ ነገር ነው። ለሚገባው ሰው ክብር መስጠት ያስመሰግናል እንጂ አያስነቅፍም።

ግን አንድ ጥያቄ አለ። እነዚህ ሰዎች ገና ማንም ሳያውቃቸው፣ አንድ ሰው እንዲያምናቸው በሚለምኑበት ቀን ምን ተባሉ? ታሪካቸው ሲገለጥ መልሱ በአብዛኛው "አይሆንም" ሆኖ ይገኛል። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚለው ተረት የአማርኛ ነው፤ ጠባዩ ግን ለንደንም አለ።

ከቶሚ ፍላወርስ እንጀምር። የምሥራቅ ለንደን ግንበኛ ልጅ ነው፤ በፖስታ ቤቱ የምርምር ጣቢያ የስልክ መሐንዲስ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ጦር አዛዦች የሚጻጻፉበትን ምስጢር ለመፍታት የሚያግዝ ኤሌክትሮኒክ ማሽን ልሥራ አለ። ማሽኑ ከአንድ ሺህ በላይ ቫልቭ ያስፈልገዋል። ቫልቭ ያኔ በሬዲዮ ውስጥ የሚበራው የመስታወት አምፖል ነው። "ይቃጠላል፣ አያስተማምንም" ተባለ። ፍላወርስ ግን ቫልቭ ቶሎ የሚበላሸው ሲበራና ሲጠፋ እንደሆነ ከስልክ ሥራው ያውቃል። ካልጠፋ ይቆያል። ከራሱ ኪስ ሳይቀር ገንዘብ እያወጣ ሠራው። ኮሎሰስ የተባለው ማሽን በ1944 መጀመሪያ ላይ ሥራ ጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ጦርነቱ ሲያበቃ መንግሥት 1,000 ፓውንድ ሸለመው። ከኪሱ ያወጣውን እንኳ የሚሸፍን አልነበረም። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ፍላወርስ እንዲህ ያለውን ማሽን ለሰላም ጊዜ ለመሥራት አስቦ ከእንግሊዝ ባንክ ብድር ጠየቀ። ባንኩ እንዲህ ያለ ማሽን ሊሠራ ይችላል ብሎ ስላላመነ ከለከለው። ሰውዬው ማሽኑን ሠርቶ ጨርሷል፤ ግን የመንግሥት ምስጢር ስለሆነ "ሠርቼዋለሁ" ብሎ መናገር አይችልም። ምስጢሩ ይፋ መሆን የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። ያኔ የኮምፒውተር ገበያው በሌሎች እጅ ገብቶ ነበር።

በዚያው የምርምር ጣቢያ በ1950ዎቹ አንዲት ወጣት ተቀጠረች። ስቴፋኒ ሸርሊ ትባላለች። በ1939፣ በአምስት ዓመቷ፣ ከናዚዎች ከሸሹት አይሁድ ልጆች ጋር ያለ እናትና አባት በባቡር ተጭና እንግሊዝ የገባች ስደተኛ ነች። በሥራዋ ጎበዝ ብትሆንም ሴት ስለሆነች እድገት እንደማታገኝ ሲገባት ወጣች፤ በ1962 በ6 ፓውንድ የራሷን የሶፍትዌር ድርጅት አቋቋመች። ያኔ ሶፍትዌር ከኮምፒውተሩ ጋር በነፃ የሚሰጥ ነገር ስለነበር "ማን ይገዛሻል?" ብለው ሳቁባት። ለኩባንያዎች ደብዳቤ ጻፈች፤ መልስ የለም። ባሏ "ስቴፋኒ ከምትይ ስቲቭ ብለሽ ፈርሚ" አላት። ፈረመች። ሰዎቹ ቀጠሮ መስጠት ጀመሩ። ሥራው ያው፣ ሰውዬዋም ያቺው፤ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው።

የቀጠረቻቸው አብዛኞቹ ሲያገቡ ወይም ሲወልዱ ከሥራ የቀሩ የተማሩ ሴቶች ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች ወንዶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። እቤታቸው ቁጭ ብለው ፕሮግራሙን በእርሳስ ይጽፋሉ፣ በፖስታ ይልካሉ። ሸርሊ ራሷ ደንበኛ ስልክ ሲደውል የልጅ ድምፅ እንዳይሰማ በቴፕ የተቀዳ የታይፕ ኳኳታ ታሰማ ነበር። የኮንኮርድ አውሮፕላን የበረራ መረጃ መቅጃ ፕሮግራም የተጻፈው በእነዚህ ሴቶች እጅ ነው። በ1975 የጾታ መድልዎን የሚከለክል ሕግ ሲወጣ ደግሞ ሴት ብቻ እየመረጡ መቅጠር ሕገ ወጥ ሆነ። ለሴቶች የወጣው ሕግ እሷን ወንድ እንድትቀጥር አስገደዳት! ድርሻዋን ለሠራተኞቿ አካፈለች፤ ድርጅቱ በ1996 የአክሲዮን ገበያ ሲገባ 70 ያህሉ ሚሊየነር ሆኑ። "ዴም" የተባለችው በ2000 ነው፤ ከደብዳቤው 38 ዓመት በኋላ። ሀብቷን አብዛኛውን፣ በተለይም ለኦቲዝም ሥራ፣ ሰጥታ በ2025 አረፈች።

ሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ጄምስ ዳይሰን ከረጢት የሌለውን የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን እስኪያሳካ 5,127 ናሙና ሠራ። የአገሩ አምራቾች አልፈለጉትም፤ መጀመሪያ የተቀበለችው ጃፓን ነች። ትሬቨር ቤይሊስ በአፍሪካ ስለ ኤድስ መረጃ በሬዲዮ ቢሰራጭም ባትሪና መብራት የሌለው ሰው እንደማይሰማው በቴሌቪዥን አየ፤ በእጅ እየተጠመዘዘ የሚሠራ ሬዲዮ ፈጠረ። በየኩባንያው በር ተመለሰ። በኋላ በኬፕ ታውን ፋብሪካ ተተክሎ ሬዲዮው ተመረተ። ቤይሊስ ኒሻንም አገኘ፤ ከፈጠራው የደረሰው ገንዘብ ግን ጥቂት ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተገቢ መከራከሪያ አለ። "ሐሳብ አለኝ" ከሚሉት አብዛኞቹ አይሳካላቸውም፤ ባንክም መንግሥትም ለሁሉም ገንዘብ መበተን አይችልም። እውነት ነው። ግን ለሁሉም መስጠትና ለማንም በር አለመክፈት አንድ አይደሉም። ለዚህ ማስረጃው ከዚያችው ብሪታንያ ይገኛል።

በ1981 ቢቢሲ ሕዝቡን ኮምፒውተር የሚያስተምር የቴሌቪዥን ፕሮግራም አሰበ፤ ለፕሮግራሙ የሚሆን ማሽንም ፈለገ። ካምብሪጅ ውስጥ ኤኮርን የሚባል ትንሽ ኩባንያ "ናሙናውን በሳምንት ውስጥ እናሳያችሁ" አለ። አለቃው ኸርማን ሃውዘር ሶፊ ዊልሰንን "ስቲቭ ይቻላል ብሏል" አላት፤ ስቲቭ ፈርበርን "ሶፊ ይቻላል ብላለች" አለው። በአምስት ቀን ሠሩት። ቢቢሲ አየ፣ ወደደ፣ አዘዘ። 12,000 ያህል ይሸጣል ተብሎ የተገመተው ኮምፒውተር ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሸጠ።

በዚያ ገንዘብና በዚያ ልበ ሙሉነት ሁለቱ መሐንዲሶች የራሳቸውን ቺፕ ነደፉ፤ በ1985 ሠራ። ስሙ አርም ነው። በ1990 ራሱን ችሎ በአንድ የገጠር ጎተራ ውስጥ 12 መሐንዲስ ይዞ ኩባንያ ሆነ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ በስልክ የሚያነብ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እጁ ላይ ያለው የዚያ ንድፍ ዘር ነው።

ቢቢሲ ለኤኮርን ኒሻን አልሰጠም፣ ምጽዋትም አልሰጠም። "አሳዩኝ" አለ፣ አይቶም ገዛ። ፍላወርስ ያጣው ይህን ነው። ሸርሊ ይህን ያገኘችው የወንድ ስም ተበድራ ነው። ራሷ ግን ሌላው የናቃቸውን ሴቶች "ሥሩና አሳዩኝ" ብላ ቀጠረች። ለሰው ከሚሰጥ እውቅና ሁሉ ትልቁ እንዲህ ያለው ነው፤ ሜዳሊያው የእሱ ደረሰኝ ቢባል ይሻላል።

ሽልማቱ ይቅር የሚል የለም። የዘገየ ምስጋናም ከመካድ ይሻላል፤ ልጆችም ስሙን ሰምተው "እኔም" ይላሉ። ግን በሚቀጥለው የክብር ዝርዝር ላይ ከእያንዳንዱ የቴክኖሎጂ ተሸላሚ ስም አጠገብ "መጀመሪያ ያመነው ማን ነበር?" የሚል አንድ መስመር ቢጨመር መልካም ነው። የሚሞላ መስመር ካለ፣ ያ ሰውም ይሸለም። ባዶ የቀረው መስመር ከበዛ ደግሞ፣ ኒሻን ሰጪዎቹ በዚህ ሰዓት በራቸውን እያንኳኳ ያለው ማን እንደሆነ ወጥተው ቢያዩ ይበጃል።