«መንጌ ቢኖር ኖሮ…»

ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ነን። ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ጠይቆ ተሳፋሪው ይጨቃጨቃል። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «መንጌ ቢኖር ኖሮ እንዲህ አይቀለድም ነበር!» ይላል። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ በስምምነት ራሱን ይነቀንቃል። እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ እኛም ከነቅናቂዎቹ ጋር የተሰለፍንባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም።

የሚያስቀው፣ ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ሲወጣ ከመሃላችን ትልቅ የሚባለው ገና ዳዴ ይል ነበር። ሌሎቻችን ጭራሽ አልተወለድንም። የምንናፍቀው ያላየነውን ሰው ነው።

እኛ የምናውቀው መንግሥቱ ከቤተሰብ ወሬ የተለቃቀመ ነው። የአንዳችን አያት ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስለሆነ ስሙን በክፉ አያነሱም። የሌላችን አጎት የ1970ውን የካራማራ ድል ሲያወራ ዛሬም ዓይኑ ያበራል። የአንዷ እናት ግን የመንግሥቱ ወሬ ሲነሳ ቡናውን ትታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ሁለተኛ ደረጃ ሳለች ከጓደኞቿ ጋር የተነሳችው ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል። አራት ልጆች ናቸው። ሁለቱ የት እንደቀሩ ደፍረን ጠይቀናት አናውቅም።

እሷን መጠየቅ ሲያቅተን ማንበብ ጀመርን። ሰውየው የወታደር ልጅ ነው፤ ራሱም በልጅነቱ ውትድርና ገብቶ፣ በሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ሰልጥኖ መኮንን ሆነ። ሰኔ 1966 ደርግ ሲቋቋም ከሐረር 3ኛ ክፍለ ጦር ተወክሎ የመጣ ሻለቃ ነበር፤ ከመቶ በላይ ከሆኑት አባላት አንዱ።

ደጋፊዎቹ ደጋግመው የሚነግሩን ነገር አለ፦ «ያን ሁሉ ዘመን ሲገዛ ለራሱ የጄኔራል ማዕረግ አልሰጠም።» እውነት ነው። እስከ መጨረሻው ሌተና ኮሎኔል ነበር። ግን ትከሻውን ብቻ ከምናይ እስቲ ከጎኑ የቆሙትንም እንይ።

ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም የደርግ ሊቀመንበር ነበሩ። በኤርትራ ጉዳይ ከደርግ ጋር አልተስማሙም፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ቤታቸው ተከብቦ ተገደሉ። የንጉሡ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ የተረሸኑትም በዚያው ሌሊት ነው። ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ተተኩ፤ እሳቸውም ጥር 26 ቀን 1969 ተገደሉና መንግሥቱ ሊቀመንበር ሆነ። ምክትሉ ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ኅዳር 1970 ተረሸነ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከሸፈ። በዓመቱ ከተያዙት 12ቱ ተረሸኑ። አገሪቱ በጦርነት ላይ እያለች፣ ጦሩን የሚመሩት ሰዎች በገዛ መንግሥታቸው ጥይት አለቁ።

ታዲያ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ለሌለ ሰው የጄኔራል ማዕረግ ምን ያደርግለታል?

ይህ እንግዲህ የመኮንኖቹ ነው። የኛ እኩዮችስ? ሚያዝያ 9 ቀን 1969 መንግሥቱ አብዮት አደባባይ ቆሞ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ሲከሰክስ፣ መልእክቱ በተለይ ለማን እንደነበር ወላጆቻችን ያውቃሉ። ቀይ ሽብር የበላው በብዛት ተማሪ ነበር። ዛሬ እዚያው አደባባይ ዳር በ2002 የተከፈተ የሰማዕታት ሙዚየም አለ። ግድግዳው ላይ ያሉት ፎቶዎች አፍሯቸውን ያበጠሩ፣ ሸሚዛቸውን የተኮሱ ልጆች ናቸው። ከመሃላችን አንዱ አይቶ ሲወጣ «እኛን ይመስላሉ» ብቻ ነበር ያለው።

በመጨረሻ «እናት አገር ወይም ሞት» ሲያስብል የኖረው ሰው፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ሲመጣ ሦስተኛ አማራጭ አገኘ፦ ዚምባብዌ። ቆላ ደጋ ሲዋጋ የነበረው ወታደር መሪው መሄዱን የሰማው ከሬዲዮ ነው። ፍርድ ቤት በሌለበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ያለው ታኅሣሥ 1999 ነበር፤ ግንቦት 2000 ሞት ተፈረደበት። እሱ ግን ሐራሬ ነበር።

የአያታችን ፊደልም የአጎታችን ካራማራም ውሸት አይደሉም። ከእናትየው ፎቶ ጋር ግን አይቻቻሉም፤ ሒሳብ አይደለምና። እኛን የሚያሰጋን ሌላ ነው፦ ኑሮ በከበደ ቁጥር የምንመኘው ሥርዓት ሳይሆን ቆራጥ ሰው መሆኑ። ቆራጥ ሰው መጥቶ አይተናል። ያልነበረው «ተው» ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው።

ታክሲው ደረሰ። «ወራጅ አለ!» አልን። ሰውየው ገና «መንጌ ቢኖር ኖሮ…» እያለ ነው፣ ሳይፈራ፣ ባልተዋወቁ ሰዎች መሃል፣ ጮክ ብሎ ስለ መንግሥት እያማረረ።

መንጌ ቢኖር ኖሮ ይህን አይሞክራትም ነበር።