ጋላፊ ላይ የቆመው ማዳበሪያ

እኔ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ሥራዬ ከጅቡቲ ወደብ ወደ አገር ቤት ዕቃ ማመላለስ ነው። በዚያ መንገድ ብዙ ዓመት ተመላልሻለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ በአንድ ጉዞ የደረሰብኝን ነው። መኪናዬ የጫነችው የገበሬ ማዳበሪያ ነበርና ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

አስቀድሜ ስለ መንገዱ ልንገራችሁ። አገራችን የባሕር በር የላትም። ቀድሞ ብዙ ዕቃ በአሰብ በኩል ይገባ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚመጣልን ዕቃ አብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ነው። ማዳበሪያም በመርከብ ወደዚያ ይመጣል። ወደቡ ላይ በ50 ኪሎ ጆንያ እየተሞላ በመኪና ይጫናል። የኔ መኪና ከነተሳቢዋ 400 ኩንታል ትጭናለች። ይህ 800 ጆንያ ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ከተማ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዋሽን፣ ሚሌንና ሰመራን አልፈን ጋላፊ እንደርሳለን። የኢትዮጵያና የጅቡቲ ድንበር ጋላፊ ላይ ነው። ከዚያ እስከ ወደቡ ገና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል።

ረዳት ሆኜ መጀመሪያ ወደዚያ ስሄድ ድንበር ማለት ትልቅ ግንብ ወይም ወንዝ ይመስለኝ ነበር። ደርሼ ሳየው ምንም የለም። ወዲህም ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ወዲያም ጥቁር ድንጋይ ነው። ሙቀቱም ያው ነው። ሕዝቡም በሁለቱም በኩል አፋር ነው፤ ቋንቋውም አንድ ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን አንድ በአንድ ይነጋገራሉ። ይህን ዳጉ ይሉታል። ዝናብ የት እንደ ዘነበ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚህ ይተዋወቃሉ።

ታዲያ ድንበሩን ስታልፉ የሚለወጠው ምንድን ነው? ብሩ ቀርቶ ፍራንክ ይሆናል። ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ይጻፋል። ዘመኑም ይለወጣል፤ እኛ 2008 ስንል እነሱ 2016 ይላሉ። ሰዓቱም ሌላ ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከጠዋት ጀምረን ነው። እነሱ ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ይቆጥራሉ። ፀሐይዋ አንድ ናት፤ አቆጣጠሩ ግን 6 ሰዓት ይለያያል። ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኬላው ላይ ወረቀት ይጠየቃል። መንጃ ፈቃድ፣ የመኪናው ሊብሬ፣ የተሳቢው ሊብሬ፣ ቢጫ ካርድ የሚባለው የኢንሹራንስ ወረቀት፣ የጭነቱ ወረቀት፣ የጉምሩክ ወረቀት። ሠራተኛው በወረቀቱ ያለውን ቁጥር ከታርጋው ጋር ያስተያያል። ከተስማማ ያልፋሉ። ካልተስማማ ይቆማሉ።

እንግዲህ በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ወር ላይ ነው። ያን ዓመት ድርቅ ነበር። የእርዳታ ስንዴ የጫኑ መርከቦችና ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች በአንድ ጊዜ መጡና ወደቡ ተጨናነቀ። እኔም ስንት ቀን ወረፋ ጠብቄ ጫንኩ። ጭነቱ ወደ ምዕራብ ጎጃም የሚሄድ ነበር። በዚያ አገር በቆሎ ሲዘራ ማዳበሪያው ከዘሩ ጋር ይገባል። ስለዚህ ቸኩያለሁ። ወረቀቱን ሲሰጡኝ አጥፌ ጋቢና ውስጥ ከተትኩትና መኪናዬን አስነሳሁ። አላነበብኩትም። እኔ ማንበብ አላውቅም? አውቃለሁ። ግን መች አየሁት!

ማክሰኞ ጠዋት ጋላፊ ደረስኩ። ሠራተኛው ወረቀቱን አየ፤ ወርዶ ታርጋውን አየ፤ እንደገና ወረቀቱን አየ። ከዚያ በጣቱ አሳየኝ። የተሳቢዬ ታርጋ መጨረሻው 17 ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 71 ነው። ጸሐፊው ሁለቱን ቁጥሮች አገላብጧቸዋል። ብለምን፣ ብምል፣ ምን ዋጋ አለው? «የጻፈው ሰው ያስተካክለው» አለኝ። ሰውየው አልከፋብኝም፤ ሥራው ነው።

መኪናዋን ከነጭነቷ ለረዳቴ ትቼ በሌላ ሾፌር መኪና ወደ ጅቡቲ ተመለስኩ። ረቡዕ ጠዋት ወረቀቱን ወደ ጻፈው ቢሮ ሄድኩ። ሰው ሞልቷል። ጸሐፊው አማርኛ አያውቅም፤ እኔ ፈረንሳይኛ አላውቅም። ወረቀቱን ተቀበለኝና «ነገ» የሚል ምልክት በእጁ አሳየኝ። በቁራጭ ወረቀት ላይም 8 ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። «ገባኝ» አልኩና ወጣሁ።

ሐሙስ በስምንት ሰዓት ሄድኩ። በእኛ ስምንት ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ማለት ነው። ቢሮው ተዘግቷል። እዚያ በር ላይ ጥላ ፈልጎ የተቀመጠ አንድ ያገሬ ሰው ሳቀብኝ። «የእነሱ ስምንት እኮ የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ሲጠብቅህ ቆይቶ ሄዷል» አለኝ።

አያችሁ? በመጀመሪያው ቀን ያሰናከለኝ ሳላነብ መቀበሌ ነው። በሁለተኛው ግን አንብቤ ነበር። 8 የምትለዋን ቁጥር አሳምሬ አንብቤያታለሁ። የማን 8 እንደ ሆነች ግን አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ዓርብ ነው። ዓርብ በጅቡቲ የእረፍት ቀን ነው። ያን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግራችሁም። ከጋላፊ የሚመጡትን ሾፌሮች ስለ መኪናዬ እጠይቃለሁ፤ የሾፌሮች ዳጉ እንበለው። «ረዳትህ ደህና ነው። ጭነትህ በሸራው እንደ ተሸፈነ ነው። ውሃ አቀብለነዋል» ይሉኛል። ያ ልጅ በዚያ ሙቀት መኪናዋ ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ያድር ነበር። አንድ አፋር አዛውንት የፍየል ወተት እያመጡ ይሰጡት እንደ ነበር ኋላ ነገረኝ። አዛውንቱ ፍየሎቻቸውን እየነዱ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ የሚጠይቃቸው የለም። 800 ጆንያ ግን በሁለት ቁጥር ምክንያት ቆሟል።

ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት በሩ ላይ ተገኘሁ። ጸሐፊው ቁጥሩን አስተካክሎ ማኅተም አደረገበት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እሑድ ጠዋት ጋላፊን አለፍኩ። አምስት ሌሊት ቆመን ነበር።

ጎጃም ስደርስ ዝናብ ጥሎ አባርቷል። ገበሬዎቹ መጋዘኑ በር ላይ ተሰብስበው ይጠብቁ ነበር። ጆንያው ሲራገፍ አንድ ሽማግሌ ወደኔ መጡ።

«ልጄ፣ ምነው ዘገያችሁ? እርጥበቱ እንዳያመልጠኝ ብዬ እኩሌታውን መሬት ያለ ማዳበሪያ ዘራሁት እኮ» አሉኝ።

መንገዱ ነው፣ ወደቡ ነው ልላቸው እችል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ፊታቸውን ሳይ አልቻልኩም።

«አባቴ፣ የዘገየው በኔ ነው። ወረቀቱን ሳላነብ ተቀብዬ ነው» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ፣ «እኔም አንድ ጊዜ የብድር ወረቀት ላይ ሳይነበብልኝ ጣቴን አትሜ በሬዬን ሸጬ ከፍያለሁ። አንተ ደግሞ የኔን በቆሎ ከፈልክበት» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አበጅቻለሁ። ወረቀት ስቀበል መኪናዬን አላስነሳም። ረዳቴ ወርዶ ታርጋው ሥር ይቆማል። እኔ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር አንድ በአንድ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሱ ታርጋውን እያየ «ልክ ነው» ይለኛል። ከዚያ ቦታ ተለዋውጠን ደግመን እናነባለን። ሌሎች ሾፌሮች ይስቁብናል። «ትምህርት ቤት ገባችሁ እንዴ?» ይሉናል። ይሳቁ። ሰዓት ሲነግሩኝም «በማን አቆጣጠር?» ብዬ እጠይቃለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

እናንተም ቤት ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ አይጠፋም። እህል ትይዙበታላችሁ፤ ጭድ ታመላልሱበታላችሁ። አሁን ማንበብ ጀምራችኋልና ላዩ ላይ የተጻፈውን ተመልከቱት። ስንት ኪሎ እንደሚል፣ ምን ዓይነት ማዳበሪያ እንደ ሆነ አንብቡ። ያልገባችሁን ጠይቁ። ያ ጆንያ ባሕር ተሻግሮ፣ በጋላፊ አልፎ ነው እናንተ ዘንድ የደረሰው። ምናልባት እኔው አምጥቼው ይሆናል።